ስሚዝስን ያፈረሰው ኩርፊያ ብቻ ነው?

የእንግሊዙ ባንድ ስሚዝስ ለምን ፈረሰ ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ ዘፋኙ ሞሪሲና ጊታሪስቱ ጆኒ ማር ተኳረፉ። እኔ ግን ከኩርፊያው ይልቅ የሒሳቡ ነገር ነው የሚገርመኝ።

እ.ኤ.አ. በ1982 የ18 ዓመቱ ማር ማንችስተር የሚገኘውን የሞሪሲን ቤት አንኳኳ። ቤዝ የሚጫወተው አንዲ ሩርክና ድራመሩ ማይክ ጆይስ ተጨመሩ፤ ራፍ ትሬድ ከተባለ አነስተኛ አሳታሚም ጋር ተፈራረሙ። ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር ኪቦርድ) በነገሠበት ዘመን ጊታር ይዘው መጡ፣ በ1985 ሁለተኛው አልበማቸው በብሪታኒያ አንደኛ ወጣ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ቋሚ ማናጀር አልነበራቸውም። የመጀመሪያው ማናጀራቸው ጆ ሞስ በ1983 መጨረሻ ከለቀቀ በኋላ በቦታው የሚረጋ ሰው ጠፋ። ዜማውን የሚደርሰው ማር፣ የሚያቀናብረው ማር፣ የባንዱ ጣጣ የሚወድቀውም እሱው ላይ፤ ገና ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው! በ1986 የአሜሪካ ጉዞ ላይ ስለዛሉ የመጨረሻዎቹ ዝግጅቶች ተሰረዙ። በዓመቱ ሞሪሲ የዘፋኟን የሲላ ብላክን የድሮ ዘፈን እንቅረፅ ሲል ማርን አንገሸገሸው፤ በዚያው ክረምት ጥሎ ወጣ። አራተኛው አልበም የወጣው ባንዱ ከፈረሰ በኋላ ነው።

የሒሳቡ ጉድ የታየው በ1996 ለንደን ፍርድ ቤት ነው። ከቅጂና ከመድረክ ገቢ ሞሪሲና ማር 40፣ 40 በመቶ ሲወስዱ ለሩርክና ለጆይስ 10፣ 10 ብቻ ይደርሳቸው ነበር። ጆይስ «እኩል ሸሪክ ነኝ» ብሎ ከሰሰ። የተፈረመ ወረቀት የለም። የ1890ው የእንግሊዝ የሽርክና ሕግ ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ትርፍ እኩል ይከፈላል ይላል። ጆይስ ረታ፤ የሞሪሲ ይግባኝም በ1998 ወደቀ።

ደራሲዎቹ ሞሪሲና ማር የበለጠ ይገባቸዋል የሚሉ አሉ። የግጥምና የዜማ ክፍያው እኮ ለብቻው የነሱ ነበር፤ ማንም አልነካባቸውም። ክርክሩ አራቱም ላባቸውን ባፈሰሱበት ላይ ነው።

አንጀቴን የሚበላው ግን ሩርክ ነው። ገንዘብ ቸግሮት በ1989 83,000 ፓውንድ ተቀብሎ በ10 በመቶው ተስማማ፤ ስለዚህ ጆይስ ሲረታ ለሱ የተረፈው ነገር አልነበረም። በ2023 በካንሰር አረፈ።