«ሐበሻ የበዛበት ከተማ አትግቡ» ላሉን ሰውዬ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የምክር ምሽት ተዘጋጅቶ ሄጄ ነበር። መድረክ ላይ የወጡት ሰውዬ፣ «ልጆቻችሁን የምትወዱ ከሆነ ሐበሻ የበዛበት ከተማ አትግቡ» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ምክንያታቸው ምን መሰላችሁ? ልጆቹ እንግሊዝኛ ቶሎ እንዲለምዱ! በሰባት ዓመቱ አሜሪካ ገብቶ እንግሊዝኛ አልገባ ያለው ልጅ የሚያውቅ ካለ እስቲ ያሳየኝ። ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ፣ ካርቱኑ እንግሊዝኛ፣ ጓደኞቹ እንግሊዝኛ። ዓመት ሳይሞላው እናቱን ማረም ይጀምራል። የሚጠፋው አማርኛው ነው። ሰውዬው ላልታመመ ልጅ መድኃኒት እያዘዙ ነው።

እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ወላጅን ነው። አርባ ዓመት አዲስ አበባ ኖራ የመጣች እናት፣ አንድም ሐበሻ የሌለበት ከተማ ስትገባ ማን ያስተረጉምላታል? ልጇ ነዋ! ክሊኒክ ስትሄድ የአሥር ዓመት ልጅ አጠገቧ ቆሞ፣ እናት ለልጇ የማትነግረውን ሕመም ለሐኪሙ ያስረዳል። የኪራይ ውል ያነባል። ስለ መብራት ቢል ስልክ ይዞ ይከራከራል። ክፍል ውስጥ አጥፍቶ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲመጣም ተርጓሚው እሱው ነው። ምን ብሎ እንደሚተረጉመው እናንተው ገምቱ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ወላጁ ማን ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶቹ ለወላጅ የሚልኩትን በአማርኛም ያዘጋጃሉ። ጎረቤታችን ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የቋንቋ ሕግ አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችል የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለበት። አማርኛ የገባው በዚህ ነው። ልብ በሉ፣ ሕጉ የሚቆጥረው ጭንቅላት ነው! ማንም አዝኖልን አልሰጠንም፤ ቀድመው የመጡት አንድ አካባቢ ተሰባስበው ስለኖሩ የተገኘ ነው። አሁን ለአዲስ መጪው «ተበተን» የሚሉት ሰውዬ ያንን ቁጥር እየበተኑ ነው።

ደግሞ ሰው ይወልዳል፣ ሰው ይሞታል። አራስ ቤት ገንፎ ይዞ የሚገባ ጎረቤት፣ ለቅሶ ላይ ድንኳን ባይኖር እንኳ ወንበር የሚሸከም የዕድር ሰው፣ በኦንላይን አይታዘዝም።

ኪራዩ ውድ ነው፣ አልክድም። የእኛ ሰው ሐሜትም አለ፤ ሐሜት ግን ሰፈር አያስለቅቅም። ኪራይ የከበደው ኦሃዮ ኮሎምበስ ይሂድ፣ ኮሎራዶ ኦሮራ ይሂድ። እዚያም እንጀራው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ አለ። ሐበሻ የሌለበት ከተማ መርጦ ልጅን የቤት አስተዳዳሪ ከማድረግ ይሻላል።

ስወጣ በር ላይ ከሁለት ብሎክ ማዶ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት የታዘዘው ክትፎ እየገባ ነበር። የመድረኩ ጠረጴዛ መጀመሪያ ተስተናገደ። ሰውዬውም ንግግራቸውን ትንሽ ገታ አድርገው እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ።