አንቀጽ 12 አይረሳ
ስለ ሕዝብ ፈቃድና ምርጫ ባወጡት ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው «ሕዝብ ፈቃዱን የሚሰጠው በምርጫ ቀን ነው፤ ከዚያ አምስት ዓመት ይታገሣል» ማለታቸው አልተዋጠልኝም። እ.ኤ.አ. በ1776 የወጣው የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ እንኳ የመንግሥት ሥልጣን ከሕዝብ ፈቃድ ይመነጫል ሲል፣ መንግሥትን የመለወጥ መብትንም አብሮ አስፍሯል። የእኛውም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 3፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ደንግጓል። በአንቀጽ 104 ደግሞ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ ውይይትና ውሳኔ ይቀርባል ይላል (ውሳኔ የሚለው ይሰመርበት!)።

እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ወረዳው ስብሰባ ሲጠራ ጎረቤቶቼ «ያለቀለት ነገር ነው» ብለው ይቀራሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ተወካይን ለማንሳት ፊርማ ማን ያሰባስባል? ለማንስ ይቀርባል? ክቡር ጸሐፊ፣ እባክዎ በሚቀጥለው ጽሑፍዎ ይህን ለተራው ሰው በሚገባ መንገድ ያብራሩልን፤ አትመን በየብሎኩ እንለጥፈዋለን።