ከካሜራው በፊት ለቅሶ ይደረስ

ሙሾ አውራጅ ለቅሶ ቤት ስትገባ ወዲያው አታዜምም። ጥግ ይዛ ዘመድ ትጠይቃለች፤ ሟቹ የማን ልጅ ነው፣ በምን ሥራ ይታወቅ ነበር፣ ማንን ትቶ ሄደ፣ ውጭ አገር ያለ ወንድም አለው ወይ። ድምጿን የምታነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ያልተነገራትን ከራሷ ጨምራ ብትገጥም «ኧረ የምታለቅሺው የእኛን ሰው አይደለም» የሚላት ለቀስተኛ አይጠፋም።

ሞትን በግጥም፣ በዜማና በእንቅስቃሴ ማቅረብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ የፊልም ሰዎች የቅርብ ጊዜ ሐዘናችንን በድራማ ይሥሩት ወይስ ይተዉት የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር «ገና ነው፣ ቁስሉ አልሻረም» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። ሙሾ አርባው እስኪወጣ አይጠብቅም። ደግሞስ ስንት ዓመት ይበቃል? ኃይሌ ገሪማ የደርግን ዘመን ያሳየበትን «ጤዛ»ን ለተመልካች ያበቃው ከቀይ ሽብር ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያን ያህል ሲጠበቅ ስንት እናት የልጇን ነገር ይዛ ተቀበረች!

ጊዜ ማለፉ ብቻውን ምንም እንደማይፈታ «ድፍረት» የተባለው ፊልም አሳይቶናል። በ1989 ዓ.ም. ተጠልፋ ጠላፊዋን በገደለች ታዳጊ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ፊልሙ በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት አገኘ፤ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ግን፣ ታሪኳ የተነገረባት ሴት ባቀረበችው አቤቱታ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋረጠ። አሥራ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። የሴቶችን ጥቃት ለማጋለጥ የተሠራ ፊልም በራሷ በባለታሪኳ መታገዱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን አውሮፕላን እናስብ። 157 ሰዎች አለቁበት። በሳምንቱ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የገቡት የኢትዮጵያውያኑ ሣጥኖች አስከሬን አልነበረባቸውም፤ ለቤተሰብ የተሰጠው ከቦታው የተዘገነ አፈር ነው። ቤተሰቡ ገና እያለቀሰ፣ ጥፋቱን ወደ አብራሪዎቹ የሚያዘነብል ወሬ ከባሕር ማዶ መናፈስ ጀመረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በኔትፍሊክስ የወጣው ዘጋቢ ፊልም የሟቾችን ቤተሰቦች አስቀድሞ፣ አምራቹ ቦይንግ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋውን ሥርዓት ከአብራሪዎች እንዴት እንደሸሸገ ዘረዘረ። ያ ፊልም «ቁስሉ እስኪሽር» ቢጠብቅ ኖሮ የሚጠቀመው ማን ነበር? ድራማ ግን ከዘጋቢ ፊልም የባሰ አደራ አለበት፤ በሟች አፍ ቃል ያስገባል። እነዚያን ስድስት ደቂቃዎች ከተሳፋሪዎቹ መሀል ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ቢመጣ፣ እኔ በበኩሌ ቲኬት አልቆርጥም።

በዚያው ሳምንት፣ መጋቢት 6፣ በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች በሁለት መስጊዶች 51 ሰዎች ተገደሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፊልም ሊሠራበት መሆኑ ሲሰማ የአገሪቱ ሙስሊሞች ተቆጡ። ታሪኩ የሚያጠነጥነው በጠቅላይ ሚኒስትሯ ዙሪያ ነበራ! ሟች ሌላ፣ ባለታሪክ ሌላ። ኖርዌያዊው የፊልም አዘጋጅ ኤሪክ ፖፔ ግን በአገሩ በኡቶያ ደሴት 69 ሰዎች ያለቁበትን ጭፍጨፋ በፊልም ሲሠራ ከጥቃቱ የተረፉትን አማከረ፤ ገጸ ባሕርያቱንም ፈጠራቸው፤ ማንም ወላጅ የገዛ ልጁን ሞት በተዋናይ እንዳያይ። ገዳዩ በፊልሙ ውስጥ እንደ ጥላ ውልብ ከማለት አያልፍም። ይህን ሰው ለቅሶ ደርሷል እለዋለሁ።

የሰሜኑን ጦርነት በተመለከተ ግን እኔም እጄን እሰበስባለሁ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ በትግራይ ለብዙ ቤተሰብ መርዶው የደረሰው ከዚያም ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የልጁን መጨረሻ ሳያውቅ በር በሩን የሚያይ ቤት ዛሬም በየክልሉ አለ። መርዶ በማለዳ፣ በዘመድና በሽማግሌ ይነገራል እንጂ ሲኒማ ቤት ውስጥ አይረዳም።

በቅርቡ አንድ ወጣት የፊልም ባለሙያ ስለ አዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ፣ ስለ ቆሼ፣ የጻፈውን ድርሰት አመጣልኝ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የቀበረበት ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ብዕር አለው። የመጀመሪያው ትዕይንት ክምሩ ከላይ ወደ ታች ሲናድ ያሳያል፤ አቧራ፣ ጩኸት፣ የላስቲክ ቤቶች። ከተረፉት የማን ቤት እንደሄደ ጠየቅሁት። ሁሉንም ከኢንተርኔት እንዳነበበ ነገረኝ።

ከሜክሲኮ ወደ ቆሼ የሚያደርስ የአየር ጤና ታክሲ እንደማይጠፋ ነግሬው ድርሰቱን መለስሁለት።