ማስተካከያ፦ ወደ ጌሚ መተላለፊያ ስለሚደረገው የአእዋፍ ምልከታ ጉዞ

ወደ ስዊዘርላንድ ሄደው አእዋፍን ለመመልከት ላሰቡ አንባቢዎች ቀደም ሲል ባቀረብሁት ዕቅድ፣ በሚያዝያ መጨረሻ (በፈረንጆቹ ሜይ መጀመሪያ) ከሎይከርባድ መንደር በኬብል ካር (በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ማጓጓዣ) ተራራው ላይ ወዳለው የጌሚ መተላለፊያ መውጣት እንደሚቻል ጽፌ ነበር፤ ይህ ስሕተት ነው። አገልግሎት ሰጪው በሚያወጣው መርሐ ግብር መሠረት፣ ኬብል ካሩ የበረዶው ወቅት አብቅቶ የተራራ የእግር ጉዞው እስኪጀምር ድረስ ለጥገና ይቆማል፤ ቀኑም በየዓመቱ ይለዋወጣል። በእግር መውጣትም ምትክ አይሆንም፤ ከ1,400 ሜትር ግድም ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚደርሰው፣ በገደሉ ላይ የተጠረበው ጠመዝማዛ መንገድ በዚያ ጊዜ ገና በረዶ ሊኖርበት ይችላል።

ስለዚህ ጉዞውን ወደ ሰኔ አጋማሽ መግፋት ይሻላል። ቀን የሚለውጥ ሰው የሆቴሉና የአውሮፕላኑ ቀን በሸንገን ቪዛ ማመልከቻው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ያረጋግጥ፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ፣ ቢዘገይ እስከ 15 ቀን ሲቀረው ይገባል።

ሌላው ስሕተት ጢም ያለውን ጥንብ አንሳ ይመለከታል፤ በስሜን ተራሮች የምናውቀው፣ አጥንት ከሰማይ ዓለት ላይ ጥሎ የሚሰብረው ማለቴ ነው። ከአልፕስ ከጠፋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1986 ለመጀመሪያ ጊዜ ዳግም የተለቀቀው በስዊዘርላንድ ነው ብዬ ነበር። ወፉን ወደ አልፕስ የመለሰው የጥበቃ ፕሮጀክት መዛግብት እንደሚያሳዩት ግን ቦታው ኦስትሪያ ነው፤ በስዊዘርላንድ ብሔራዊ ፓርክ መለቀቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ይህኛው የጉዞውን ዕቅድ አይለውጥም።