ለአዲስ አበባና ለሸገር አንድ የጋራ የአደጋ ጊዜ ቻናል

ባለፈው በጋ፣ በምኖርበት የአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳር፣ ከቤቴ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ የሚገኝ የእንጨት ሥራ ቤት በሌሊት ተቃጠለ። ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ በባልዲና በጀሪካን ሲረባረብ ቆይቶ ሁለት የእሳት አደጋ መኪኖች ከሁለት አቅጣጫ፣ ከሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ደረሱልን። ዘገዩ ብዬ አልከስም፤ ሠራተኞቹም ሥራቸውን የሚያውቁና ለነፍሳቸው የማይሳሱ ነበሩ። ችግሩ የታየው አንደኛው መኪና በጓሮ በኩል ባለው ጠባብ መንገድ ገብቶ ሌላው በዋናው መንገድ ከቆመ በኋላ ነው። ሁለቱም አለቆች የሬዲዮ መገናኛ በእጃቸው ይዘዋል፤ የአንዱ ሬዲዮ ግን የሌላውን ድምፅ አይቀበልም። የጓሮው መኪና ውኃ ሲጨርስ መልእክቱን ወደ ፊት ለፊት ያደረሰው አጥሩን እየዞረ የሚሮጥ የሰፈራችን ልጅ ነበር፤ እሱ እስኪመለስ እሳቱ ወደ ጎረቤት ቤት ጣሪያ ተሻገረ። የሰው ሕይወት ባይጠፋም፣ ያንን ልጅ በጭስ ውስጥ ሲመላለስ ካየሁ ወዲህ ይህ ጉዳይ ከልቤ አልወጣም።

ሁለት ሬዲዮዎች እንዲነጋገሩ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ መሆናቸው ብቻ አይበቃም። በአናሎግ ሬዲዮ ቻናሉን የሚከፍተው የድምፅ ኮድ አንድ ካልሆነ፣ ንግግሩ በአየር ላይ እያለ ተቀባዩ ዝም ሊል ይችላል። በዲጂታል ሬዲዮ ነገሩ ይብሳል። በአውሮፓ የተወጠነው ቴትራ የሚባል የዲጂታል ሬዲዮ ሥርዓት አንድን የ25 ኪሎኸርዝ ቻናል ለአራት ንግግሮች በጊዜ ይከፋፍለዋል፤ ዲኤምአር የሚባለው የ12.5 ኪሎኸርዝ ቻናልን ለሁለት ይከፍላል፤ በሰሜን አሜሪካ የተለመደው ፕሮጀክት ሃያ አምስትም የራሱ አሠራር አለው። አንዱ የሌላውን መልእክት መፍታት አይችልም። ስለዚህ ሁለት አጎራባች አስተዳደሮች በቅን ልቦና፣ በየራሳቸው ጨረታ፣ ዘመናዊና ውድ መሣሪያ ገዝተው ከቀድሞው የባሰ የማይደማመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔን ከመሣሪያ እጥረት ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ እጥረት በበጀት ይሟላል፣ በተናጠል የተገዛ መሣሪያ ግን ብዙ ዓመት እስኪያገለግል ድረስ ስህተቱን ይዞ ይኖራል።

የእኛ ዳርቻ ደግሞ ለዚህ ችግር እጅግ የተጋለጠ ነው። ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ገላንን ያቀፈው የሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ አዲስ አበባ ዙሪያዋን የሚነካት ሌላ ትልቅ ከተማ አላት። የአስተዳደር ወሰኑ በካርታ ላይ ቀጭን መስመር ነው፤ መሬት ላይ ግን በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከልና በፋብሪካ አጥር ሥር ያልፋል። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ዋና ከተማዋን ለቆ ሌላ አስተዳደር ውስጥ ለመግባት ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ 157 ሰዎችን እንደያዘ የወደቀው ቢሾፍቱ አቅራቢያ ነው።

ከሌሎች አገሮች ተሞክሮ ለእኛ ሁኔታ ከሁሉ የሚቀርበው የኖርዌይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2003 ዓ.ም. አንድ ነፍሰ ገዳይ በኦስሎ የመንግሥት ሕንፃዎች አጠገብ ቦምብ ካፈነዳ በኋላ፣ ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ኡቶያ ደሴት ሄዶ በተሰበሰቡ ወጣቶች ላይ ተኩስ ከፈተ። በዕለቱ 77 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ 69ኙ የሞቱት በደሴቷ ላይ በደረሰው ጥቃት ነው። የኦስሎ ፖሊስ አዲሱን የዲጂታል ሬዲዮ መረብ ይጠቀም ነበር፤ ደሴቷ የምትገኝበት አካባቢ ፖሊስ ግን ገና ወደ መረቡ አልገባም። ከኦስሎ የተላከው ልዩ ኃይልና የአካባቢው ፖሊስ በእጅ ስልክ ለመነጋገር ተገደዱ፤ የት እንደሚገናኙም ሳይግባቡ ቀርተው ውድ ደቂቃዎች ባከኑ። መረቡ መላ አገሪቱን ያዳረሰው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ኖርዌይ ገንዘብ አልጎደላትም፣ የሠለጠነ ፖሊስም አልጎደላትም። የጎደለው ዋና ከተማዋና ጎረቤቷ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ መገናኛ መግባታቸው ነበር።

ብዙ ሰዎች ይህን ሳነሳ «ሁሉም ስልክ ይዟል፣ ይደዋወሉ» ይሉኛል። ስልክ አንድን ሰው ከአንድ ሰው ጋር ያገናኛል፤ ሬዲዮ ግን አንዱ ሲናገር በቻናሉ ላይ ያለውን ሁሉ ያሰማል፤ ጣሪያው ሊወድቅ ነው የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በተራ የሚደወል አይደለም። ከዚያም በላይ ትልቅ አደጋ በደረሰበት ቦታ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ስልኩን ስለሚያነሳ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፤ መብራት በጠፋበት ሰፈር የአንቴና ማማው ባትሪ ሲያልቅም ስልኩ አብሮ ይጠፋል። ሁለት የእጅ ሬዲዮዎች ግን ያለ ምንም ማማ፣ በቀጥታ፣ ከአጥር ወዲያና ወዲህ ሊነጋገሩ ይችላሉ። ባለፈው በጋ ያጣነው ይህንኑ ነበር።

የአካባቢያችን መልክዓ ምድርም መተባበርን ግድ ይላል። ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ የእጅ ሬዲዮ ድምፅ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የእንጦጦ ሸንተረር ይጋርደዋል። በሸንተረሩ ላይ የተተከለ ሪፒተር፣ ማለትም ድምፁን ተቀብሎ በኃይል መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ፣ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ያያል፤ ያው ከፍታ ግን ድምፁን እጅግ ሩቅ ስለሚያደርሰው፣ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሳይነጋገሩ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ቢሠሩ አንዱ የሌላውን ጥሪ ይውጠዋል። አንዱ ከተማ የፈለገውን ፍሪኩዌንሲ በወሰኑ ውስጥ አጥሮ ሊይዘው አይችልም። የማስተላለፊያው ቦታ፣ የአንቴናው ከፍታና የሚለቀው ኃይል ጭምር በጋራ መወሰን አለባቸው።

ለዚህ የሚሆን ሕጋዊ መነሻ አለ። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5፣ አዲስ አበባ በኦሮሚያ መሐል በመገኘቷ የሚነሱ የጋራ አስተዳደራዊ ጉዳዮች እንዳሉ ይቀበላል። ይህ አንቀጽ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ወደ መሬት ቢያደላም፣ ሁለቱ ወገኖች ያለ ብዙ ክርክር ሊስማሙበት የሚችሉት ጉዳይ ቢኖር የሰውን ሕይወት የማትረፍ ሥራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም የሬዲዮ ስፔክትረምን፣ ማለትም የፍሪኩዌንሲዎችን አጠቃቀም፣ ያስተዳድራል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀውና በ2015 ያሻሻለው ውሳኔ 646፣ አገሮች ለሕዝብ ደኅንነትና ለአደጋ ጊዜ ሥራ በጋራ የተስማሙባቸውን ፍሪኩዌንሲዎች እንዲጠቀሙ ያበረታታል፤ አፍሪካ ላለችበት ቀጣና ከ380 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ፣ ለብሮድባንድ (ለፈጣን የዳታ ግንኙነት) ደግሞ ከ694 እስከ 894 ሜጋኸርዝ ባለው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1987 አገራቸውን በ55 ቀጣናዎች ከፋፍለው የአደጋ ጊዜ ፍሪኩዌንሲዎችን የማቀድ ሥራ ለየቀጣናው ፖሊስ፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ ሰጡ፤ የአንዱ ቀጣና ዕቅድ ሲዘጋጅ የጎረቤቶቹ ስምምነት ይጠየቃል። እኛም ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ ተመሳሳይ ቋሚ ኮሚቴ ያስፈልገናል፤ የሁለቱ ከተሞች የእሳት አደጋና የፖሊስ ባለሙያዎች፣ የፌዴራል ፖሊስ፣ ቀይ መስቀልና የፍጥነት መንገዱ አስተዳዳሪዎች ያሉበት፣ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑም የሚመራው።

ኮሚቴው በመጀመሪያ የሚያደርገው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥቂት የአናሎግ ቻናሎችን ለጋራ ሥራ መመደብ፣ ከእነዚህም ቢያንስ አንዱን ያለ ሪፒተር በቀጥታ የሚሠራ ማድረግ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ተሽከርካሪና የእጅ ሬዲዮ ውስጥ በአንድ ስምና በአንድ ኮድ ማስገባት ነው። እንደ ዲኤምአርና ፕሮጀክት ሃያ አምስት ያሉ ዲጂታል ሬዲዮዎች ብዙዎቹ በአናሎግም ስለሚሠሩ፣ በተመሳሳይ የፍሪኩዌንሲ ክልል ውስጥ እስካሉ ድረስ የተለያየ ስሪት ያላቸውም በዚህ ይገናኛሉ። ይህ ንግግር ለማንም ጆሮ ክፍት መሆኑ ፖሊስን እንደሚያሳስበው አውቃለሁ፤ ነገር ግን የጋራው ቻናል ለነፍስ አድን ሥራ እንጂ ለምርመራ አይደለም፣ ምስጢሩ በራሱ በፖሊስ ቻናል ይቆያል።

ከፍሪኩዌንሲው የሚከብደው የቋንቋው ጉዳይ ይመስለኛል። በጋራ ቻናሉ ላይ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ሁለቱም መነገራቸው አይቀርም፤ መነገርም አለባቸው፣ ምክንያቱም በጭስ ውስጥ ያለ ሰው የሚናገረው አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ በየጥሪ ማዕከሉ በማንኛውም ፈረቃ ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ሰው መመደብ አለበት። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለራሱ የለመዳቸው የቁጥር ኮዶች በጋራ ቻናሉ ላይ ቀርተው ግልጽ ንግግር ይተካቸው። የቦታ ስምም አንድ ዝርዝር ይፈልጋል፤ ለአንዱ ደብረ ዘይት የሆነው ለሌላው ቢሾፍቱ ነው፣ የአንዱ ናዝሬት የሌላው አዳማ ነው፤ በከተማ ዳር ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች ደግሞ አንድ አደባባይ ሁለትና ሦስት ስም ይዞ ይገኛል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። በአፋችን «ሁለት ሰዓት» ያልነውን የኮምፒውተር መዝገብ ስምንት ብሎ ሊጽፈው ስለሚችል፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሚሠራበት አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

ከዚህ በኋላ የሚወጣ ማንኛውም የሬዲዮ መግዣ ጨረታ፣ መሣሪያው በጋራ ቻናሎቹ ላይ እንደሚሠራ በርክክብ ጊዜ በተግባር እንዲታይ የሚያስገድድ አንቀጽ ይኑረው፤ የጎረቤት ከተማ ባለሙያም በርክክቡ ላይ ይገኝ። ክረምቱ ወጥቶ የበጋው ነፋስ ሳይነሳ ደግሞ፣ በጥቅምት አንድ ሌሊት፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከሱሉልታ መግቢያ አጠገብ ሁለት መኪኖችን በአንድ አጥር ፊትና ኋላ አቁሞ በጋራ ቻናሉ ውኃ ማስጠየቅ ይቻላል። ሁለቱ የጥሪ ማዕከሎች መዝገባቸውን ጠዋት ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ድምፅ ያልደረሰበትን እያንዳንዱን ቦታ በአንድ ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉበት።