የተቆላ ማር

የኤሌክትሪክ ምሰሶ ውለታ አለብን። ድሮ ምሰሶ የሚሸከመው ሽቦ ብቻ ነበር። ቢበዛ "የሚከራይ ቤት" ይለጠፍበታል። ዛሬ ግን የድኅረ ምረቃ ትምህርትን ቀጥ አድርጎ ይዟል። ከ4 ኪሎ ወደ 6 ኪሎ ስትወጡ እያነበባችሁ ሂዱ። "ለማስተርስ ተማሪዎች፦ ፕሮፖዛል፣ ቴሲስ፣ የዳታ ትንተና እናማክራለን።" ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ እንደ ነጠላ ዘርፍ ተቆራርጦ ተንጠልጥሏል። ግማሹ ተገንጥሎ አልቋል። "እናማክራለን" የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። ጨዋ ናት። "እንጽፍልሃለን፣ አንተ ተኛ" ማለት ለሰሚውም ይከብዳል።

ከሁሉ የማደንቀው ኬሚስትሪውን ነው። የማኔጅመንቱስ ቀላል ነው። መጠይቁን አንድ ሰው በአራት ዓይነት እስክሪብቶ ቁጭ ብሎ ይሞላዋል። ኬሚስትሪ ግን አሲድ አለው፣ ማሽን አለው፣ ጋዝ አለው። እሱን ላብ ሳይገቡ መጨረስ ጥበብ ይጠይቃል። ያለ ላብ ማለት ይኼ ነው፤ በሁለቱም ትርጉሙ።

እስቲ የዋሆቹን አስቡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከጀመረበት ከ1970ዎቹ ወዲህ በየግቢው ያልጠፉ የዋሆች አሉ። የኬሚስትሪ ማስተርስ ደንብ በወረቀት ላይ አጭር ነው። ሁለት ዓመት ገደማ። መጀመሪያ ኮርስ፦ አናሊቲካል፣ ኦርጋኒክ፣ ኢንኦርጋኒክ፣ ፊዚካል። ከዚያ ሴሚናር፣ ፕሮፖዛል፣ ምርምር። በመጨረሻ በውስጥና በውጭ ፈታኞች ፊት ዲፌንስ። የዋሁ ሰው ይህንን አንብቦ ያምናል።

ርዕሱ "በጤፍ ውስጥ ያለ የእርሳስና የካድሚየም መጠን" ሆነ እንበል። ጤፉን ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ይፈጫል። ግማሽ ግራም ይመዝንና ናይትሪክና ፐርክሎሪክ አሲድ ጨምሮ ያሞቀዋል። ቡናማ ጭስ ይወጣል። የጭስ መሳቢያው ከተበላሸ ጭሱን የሚስበው ተማሪው ነው። ፈሳሹ እንደ ውኃ እስኪጠራ ቆሞ ይጠብቃል። ይህንን ሦስት ጊዜ ይደግማል። ጤፍ የሌለበትን ባዶ አሲድም እንዲሁ ያፈላል፤ ብላንክ ይሉታል። እዩት እንግዲህ፣ ምንም የሌለበትን ነገር ለሰዓታት ሲያፈላ የሚውል ሰው! ከዚያ እርሳስንና ሌሎች ብረቶችን ወደሚለካው የአቶሚክ አብዞርፕሽን ማሽን ይሄዳል። ለየብረቱ የራሱ መብራት አለው። የእርሳሱ መብራት ተቃጥሏል። መብራቱ ሲገኝ የአሴቲሊን ጋዙ ያልቃል። ጋዙ ሲመጣ ደግሞ ያኛው፣ የሁላችንም መብራት ይጠፋል።

ሌላዋ የመድኃኒት ዕፅ ሥር ቆፍራ፣ ጥላ ውስጥ አድርቃ፣ በሜታኖል ትዘፈዝፋለች። ቅልቅሉን ለይቶ በሚያወጣ ሲሊካ ጄል የተሞላ ቱቦ፣ ኮለም በሚሉት፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ቱቦ በቱቦ ትሰበስባለች። ከስንት ወር በኋላ ንጹሕ ነጭ ዱቄት አገኘች። እልል! የሞለኪውሉን አሠራር በሚያሳየው ማሽን፣ በኤንኤምአር፣ ሲታይ ቤታ ሲቶስትሮል ሆኖ አረፈው። ቤታ ሲቶስትሮል ማለት ወጥ ከሚሠራበት ዘይት ጀምሮ የማይገኝበት ተክል የለም ማለት ይቻላል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እሷ ግን "ኮለም መሥራት ችያለሁ" ብላ ትኮራለች። ምን ይባላል?

አሁን ወደ ሠለጠነው ዓለም እንምጣ። በቀደም ፎቶ ኮፒ ፈልጌ አንዲት ደረጃ ሥር ያለች ሱቅ ገባሁ። አንድ ወጣት ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቷል። ሻዩ አጠገቡ ቀዝቅዟል። እኔ ተራ ስጠብቅ የመኪና ቁልፍ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክር ጎልማሳ ገባ።

"ወንድሜ፣ ያቺ ነገር ደረሰች?"

"ደርሳለች ጋሼ። ፕሪንት እያደረግኳት ነው።"

"ስለ ቡና ነበር አይደል?"

"ቡናው ባለፈው ወር ለሌላ ሰው ወጥቷል። የእርስዎን ማር አድርጌዋለሁ።"

"ይሻላል። ማር ለጤናም ጥሩ ነው።"

ከማተሚያው የወጣ አንድ ገጽ እግሬ ሥር ወደቀ። አነሣሁት፤ ማንበብ ነውር ቢሆንም አነበብኩት። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ቡና የሚለውን ቃል በሙሉ በአንዴ ወደ ማር ቀይሮታል። እንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ ማሩ ታጥቦ፣ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በወንፊት ተነፋ።

በቤታችን ማር ተነጥሯል፣ ተጥሏል፣ ተበርዟል። ተቆልቶ ግን አያውቅም። ፈጠራ ማለት ይኼ ነው። ማር ሲሞቅ ኤችኤምኤፍ የሚባል ነገር ይበዛበታል። ዓለም አቀፉ ደረጃ በኪሎ ከ40 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይላል፤ ሞቃት አገር ላመረተው ደግሞ እስከ 80 ይፈቅዳል። የኛ ማር 200 ዲግሪ ተቆልቶም 12 ላይ ቆሟል። ምን ዓይነት ጨዋ ማር ነው! ካፌይንም አለበት፤ 1.2 በመቶ፣ ልክ የቡና ያህል። ንቦቹ የት ሲያመሹ እንደከረሙ እንጃ።

ውጤቱማ የተስተካከለ ነው። የላብ ልጆች የማሽኑን ልክ የሚፈትሹበት የካሊብሬሽን መስመር 0.998 ሲመጣ በደስታ ይዘላሉ፤ ፍጹም ቀጥ ያለው 1 ነውና። እዚህ 0.9999 ነው። ሪከቨሪው፣ ማለትም አውቀው ከጨመሩት ውስጥ ተመልሶ የተገኘው፣ 100 በመቶ፣ ሦስቱም ድግግሞሽ አንድ ዓይነት። ማሽን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የሱቁ ልጅ እጅ አይንቀጠቀጥም።

ኩረጃ የሚለየውን ሶፍትዌርም አስበውበታል። ቃሉን በተመሳሳይ ቃል ይለውጡታል። "ከባድ ብረቶች" የነበረው "ወፍራም ብረቶች" ሆኗል። ሶፍትዌሩ ምን ይበል? ወፍራም ብረት ከዚህ በፊት ማንም ጽፎ አያውቅም።

ጎልማሳው ከፍሎ ሊወጣ ሲል ትንሽ ሐሳብ ገባው። "ነገ ምን ይጠይቁኛል?"

ልጁ ቀና ሳይል መለሰ። "ዘዴውን ለምን መረጥክ ካሉ፣ 'በቀደሙ ጥናቶች የተረጋገጠ ስለሆነ' ይበሉ። ካልገባዎት 'ለቀጣይ ጥናት ክፍት ነው' ይበሉ። ካበዙብዎት 'ኮመንቱን ተቀብያለሁ' ብለው ይጻፉት።"

"ብቻ?"

"ቆሎና ለስላሳው እንዳይረሳ። ኬኩ ቶሎ ይቆረስ።"

ሰውየው በደስታ ሄደ። ማስተርሱ ሲመጣ ደረጃው ይቀየራል፣ ደመወዙ ይጨምራል፣ ባነር ይሰቀልለታል። ይገባዋል። እስከ 4 ኪሎ ነድቶ መጥቷል።

የኔ ፎቶ ኮፒ እስኪደርስ ልጁን ምን እንደተማረ ጠየቅኩት።

"ኬሚስትሪ። የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ።"

"ታዲያ አንተ ራስህ ማስተርስህን አትማርም?"

"ጊዜው የታለ ጋሼ? ዘንድሮ ብቻ አሥራ አንድ ሰው አስመርቃለሁ።"

ስልኩ ጮኸ። አነሣው።

"አቤት ጋሼ… ገና ወጡ እኮ… ርዕስዎ? ማር ነው። ማር! … አዎ፣ የንብ።"