ከባዕድ የሚደበቅ፣ ከልጅ የማይደበቅ

ቴክሳስ ውስጥ፣ በተለይ ዳላስና ጋርላንድ አካባቢ፣ ሽጉጥ ታጥቆ የሚውል ሐበሻ ብርቅ አይደለም። ሌሊት ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ወይም ሱቅ ከፍቶ የተዘረፈ ሰው ቢታጠቅ አልፈርድበትም። ሕጉም አይከለክለውም፤ እ.አ.አ. ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ፣ በወንጀል ወይም በሌላ ምክንያት ካልታገደ በቀር፣ 21 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ሽጉጡን በልብሱ ሥር ይዞ መሄድ ይችላል። የሚገርመው፣ በጠመንጃ ወዳድነት የምትታማው አገራችን ቢያንስ በወረቀት ላይ ከዚህ ይልቅ ጥብቅ ናት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ያለ ፈቃድ መታጠቅን ይከለክላል። አፈጻጸሙን አታንሱብኝ።

እኔን የሚያስፈራኝ መታጠቁ ሳይሆን መደበቁ ነው። ገጠር ያደግን ሰዎች የአባወራው ጠመንጃ የት እንደተሰቀለ እናውቅ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ነው፣ እንግዳም ጎረቤትም ያየዋል። ረጅምና ከባድ ስለሆነ ሕፃን ላውርደው ቢል አይችልም፤ ቢሞክርም ከአያቱ ዓይን አያመልጥም። አደጋ አልነበረም እያልኩ አይደለም፤ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ስንቱን ድግስ ለቅሶ አድርጎታል። እዚህ ግን መሣሪያው መዳፍ ያህላል፣ ብዙ ጊዜም ጥይት እንደጎረሰ ነው። ከመንገደኛ ዓይን ይሰወር ይሆናል እንጂ፣ ጓዳ ጎድጓዳውን ሲበረብር ከሚውል የአራት ዓመት ልጅ አይሰወርም።

አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አባትየው ልጁን አቅፎ ሊበላ ሲመቻች ሽጉጡ ጎኑን ቆረቆረው። ከነማኅደሩ ፈታና ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ጃኬቱን ደግሞ መኝታ ቤት፣ አልጋው ላይ የእንግዳው ካፖርትና ቦርሳ ከተቆለለበት ጣለው። የሐበሻ ድግስ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሕፃናቱ «ሂዱ እዚያ ተጫወቱ» የሚባሉት እዚያው ክፍል ነው። ሮጣ ያወጣችው ሚስቱ ናት።

እ.አ.አ. በ2014 ዲሴምበር መጨረሻ አይዳሆ ውስጥ፣ ሄይደን በምትባል ከተማ፣ ዎልማርት ሱቅ በጋሪ ላይ የተቀመጠ የሁለት ዓመት ልጅ ከእናቱ ቦርሳ ሽጉጥ አውጥቶ ተኩሶ ገደላት። ፈቃድ ነበራት። ቦርሳውም እንዲያው ቦርሳ አልነበረም፤ ለሽጉጥ ተብሎ የተሠራ፣ ዚፕ ያለው ኪስ ነበረው።

ስለዚህ ልጅ ያለው ሰው መሣሪያ ሁለት ቦታ ብቻ ቢገኝ ይሻላል፦ ቃታውን አጥብቆ በሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር ሆኖ ወገቡ ላይ፣ ወይም በተቆለፈ ካዝና ውስጥ። ቦርሳ፣ የመኪና ወንበር ሥር፣ ትራስ ሥር፣ ፍሪጅ አናት፣ ሁሉም ለልጅ ክፍት ናቸው። የቴክሳስ ሕግም ቢሆን ዝም አይልም፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ በቸልታ የተተወ፣ ለመተኮስ የተዘጋጀ መሣሪያ አግኝቶ ሰው ቢገድል ወይም ክፉኛ ቢያቆስል፣ ባለቤቱን እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 4,000 ዶላር መቀጮ ሊያስቀጣው ይችላል።

የእኛ ችግር ግን ከቁልፉ ይልቅ ይሉኝታው ነው። ፈረንጆቹ እናቶች ልጃቸው ሊጫወት ሲሄድ «ለውዝ አይስማማውም» ብለው እንደሚነግሩት ሁሉ፣ «ቤታችሁ መሣሪያ አለ? ተቆልፎበታል?» ብለው በቴክስት የሚጠይቁ አሉ። እኛ ዘንድ ይህን መጠየቅ ጋሽ እገሌን ሌባ እንደማለት ይከብዳል። የማውቃት አንዲት እናት ግን ዘዴ አበጅታለች። ቀድማ ስለ ራሷ ትናገራለች፦ «እኛ ቤት ሽጉጥ አለ፣ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል። እናንተስ?» እስካሁን የተቀየማት የለም፤ እንዲያውም ካዝናውን ከየት እንደገዛችው የጠየቋት አሉ።